ከጦር ሜዳ ወደ ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ጦርነት የሚያበቃበት ቀን በታሪክ መጽሐፍ ይጻፋል። ለዘመተው ሰው ግን ጦርነቱ በዚያ ቀን አያልቅለትም። ጠመንጃውን አስረክቦ፥ ልብሱን ለውጦ፥ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ከተመለሰ በኋላ፥ ያየውንና በእጁ ያደረገውን ተሸክሞ የሚኖርበት ረጅም ዘመን ይጠብቀዋል። ስለ ውጊያው ቀን የሚፎክርና የሚሸልል ብዙ ነው፤ ስለዚያ ረጅም ዘመን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በዚህ እትም ከእናንተ ጋር ልናስብ የወደድነው ስለዚሁ ነው። እግዚአብሔር ከሞት መካከል ያወጣው ሰው የተረፈለትን ዕድሜ ምን ያደርግበታል? ቤተሰቡና ቤተ ክርስቲያኑስ እንዴት አድርገው ሊቀበሉት ይገባል?

ነገሩ የሩቅ እንዳይመስለን። በስደት ባሉ አጥቢያዎቻችን የሚያስቀድሱትን ወገኖች አንድ በአንድ ብንጠይቅ፥ አባቱ ከ1951 ጀምሮ ከቃኘው ሻለቃዎች ጋር ወደ ኮርያ የዘመተ፥ ራሱ በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን የተዋጋ፥ እስከ 1991 ድረስ በሰሜኑ ጦርነት በአንዱ ወይም በሌላው ወገን የተሰለፈ፥ ከ1998 እስከ 2000 በባድመ ግንባር የቆሰለ፥ ወይም ከ2020 እስከ 2022 በተደረገው ጦርነት ወንድሙን የቀበረ እናገኛለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ ብዙዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ጸበላቸውን ጠጥተው በጸጥታ ወደ ሥራቸው የሚሄዱ ናቸው። ስለዚያ ዘመን የሚጠይቃቸው የለም፤ እነርሱም አይናገሩም።

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ ይሆነን ዘንድ በምንኖርበት በዚህ በአሜሪካ ምድር የኖረን አንድ የገጠር ሰው እናነሣለን። በሃይማኖት ከእኛ ማኅበር አልነበረም፤ ከፕሮቴስታንት ወገን የአንዲት ትንሽ ማኅበር አባል ነበር። ትምህርተ ሃይማኖትን የምንማረው ከአባቶቻችን እንጂ ከእርሱ አይደለም። ነገር ግን ቅዱስ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 የሮማዊውን የመቶ አለቃ የቆርኔሌዎስን ጸሎትና ምጽዋት፥ ከቤተሰቡም ሁሉ ጋር እግዚአብሔርን መፍራቱን ያለ ኀፍረት ጽፎልናል። ቆርኔሌዎስ ወታደር ነበር፤ ባዕድም ነበር፤ የቤቱም አባት ነበር። እኛም በባዕድ የታየውን በጎነት ለማየት ዓይናችንን አንጨፍንም።

ይህ ሰው አልቪን ዮርክ ይባላል። በ1887 በቴነሲ ግዛት፥ ከኬንታኪ ወሰን አጠገብ፥ በተራሮች መካከል በምትገኝ ፓል ማል በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ከ11 ልጆች ሦስተኛው ነበር። አባቱ ገበሬና ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ በአገራችን ሲናቅ በኖረው በዚሁ ሙያ ነበር ልጆቻቸውን ያሳደጉት። አልቪን የትምህርት ቤት ደጅ የረገጠው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። በ1911 አባቱ ሲሞቱ እናቱንና ታናናሾቹን የመርዳት ሸክም በእርሱ ላይ ወደቀ። በወጣትነቱ ጠጪ፥ ቁማርተኛና ተደባዳቢ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሆነው ግን ከዚህ ሁሉ ተመለሰ፤ መጠጡንና ጠቡን ትቶ የማኅበሩ አገልጋይ ሆነ።

በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ለውትድርና ተጠራ። አትግደል የሚለውን ትእዛዝ እንዳነበበው ነበርና መዋጋት እንደማይወድ በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ጽፎ ሰጠ። አቤቱታውን ደጋግሞ ቢያቀርብም አልተቀበሉትም። ጆርጂያ ውስጥ በነበረው የጦር ማሠልጠኛ የሻለቃውና የሻምበሉ አዛዦች መጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩና አልናቁትም፤ ከሕዝቅኤልና ከወንጌል እየጠቀሱ ሌሊቱን ከእርሱ ጋር ተወያዩ፤ ያስብበትም ዘንድ ፈቃድ ሰጥተው ወደ ቤቱ ሰደዱት። እርሱም በመንደሩ ተራራ ላይ ወጥቶ ሲጸልይ አድሮ፥ መሄድ እንዳለበት በልቡ አምኖ ተመለሰ።

ምእመናን ሆይ፤ ይህን የምንተርከው ጦርነትን ለማወደስ አይደለም። እግዚአብሔር ጦርነትን እንደ ወደደ አድርገን እንዳንናገር እንጠንቀቅ። ልናስተውለው የሚገባን ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ሰው የሰውን ደም ማፍሰስ እንደ ቀላል ነገር አልቆጠረውም። ሳይጨነቅ የሄደ ሳይጨነቅ ይመለሳል ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን በሰው መሞት የማይጨነቅ ልብ ጤነኛ ልብ አይደለም።

ጥቅምት ወር በገባ በስምንተኛው ቀን በ1918፥ በፈረንሳይ አገር በአርጎን ጫካ፥ አሥር አለቃ ዮርክና ጓደኞቹ፥ በጠቅላላው 17 ወታደሮች፥ በጠላት ጀርባ ዞረው እንዲገቡ ታዘዙ። ጥቂት ምርኮኞች እንደያዙ ከኮረብታው ላይ መትረየስ ተከፈተባቸው። ወዲያው ስድስቱ ሞቱ፤ ሦስቱ ቆሰሉ። ዮርክ ከልጅነቱ ጀምሮ በአደን ያደገ ተኳሽ ነበርና በዚያች ሰዓት ከሃያ በላይ ሰዎች በእጁ ወደቁ። በመጨረሻም የጠላት መኮንን እጁን ሰጠ፤ የተረፉትም ጥቂት አሜሪካውያን 132 ምርኮኞች ነድተው ተመለሱ። ስለዚህ ሥራ ሃምሳ አለቃ ተብሎ ተሾመ፤ በ1919ም የአገሪቱ ከፍተኛ የጦር ሜዳ ኒሻን ተሰጠው።

ከውጊያው በማግሥቱ ያደረገው ነገር ግን ከኒሻኑ ይልቅ ይደንቃል። ፈቃድ ጠይቆ፥ በሕይወት የተረፈ ቁስለኛ ይኖር እንደሆነ ለማየት ወደዚያው ስፍራ ተመለሰ። ማንንም በሕይወት አላገኘም። በዚያ ቆሞ ለሞቱት ሁሉ ጸለየ፤ ለጓደኞቹ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ለገደላቸውም ጀርመኖች ጸለየ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። እኛ ሙታናችንን ስናስብ የማንን ስም እንጠራለን? በአንድ ተራራ ላይ ፊት ለፊት የተታኮሱ ሁለት ወንድሞች ዛሬ በዚህ በስደት አገር በአንድ ቅዳሴ ሊቆሙ፥ ከአንድ ጽዋ ሊቀበሉ ይችላሉ። አንዱ ሌላውን ወንበዴ ብሎት ነበር፤ ሌላውም አንዱን ጨቋኝ ብሎት ነበር። የሁለቱም እናቶች ግን ያለቀሱት በአንድ አምላክ ፊት ነው። በፍትሐት፥ በአርባና በተዝካር የወገናችንን ሙታን ብቻ እየቆጠርን፥ በሌላው በኩል የወደቀውን ክርስቲያን እንደ ውሻ ሞት የምንቆጥር ከሆነ፥ ጦርነቱ በእኛ ውስጥ ገና አላለቀም ማለት ነው። አንድ ያልተማረ የገጠር ሰው ጭሱ ባልጠፋበት ሜዳ ላይ ያደረገውን እኛ ከስንት ዓመት በኋላ በውቅያኖስ ማዶ ሆነን ለማድረግ ለምን ከበደን?

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ዮርክ በ1919 በኒውዮርክ ወደብ ሲደርስ ሕዝቡ እንደ ንጉሥ ተቀበለው። የፊልም ሠሪዎች፥ የቲያትር ቤት ባለቤቶችና ነጋዴዎች በስሙ ለመነገድ ብዙ ገንዘብ ይዘው ቀረቡት። የገበሬ ልጅ ነው፤ ድኻ ነው፤ ያንን ገንዘብ ቢቀበል ማንም አይነቅፈውም ነበር። እርሱ ግን የለበሰውን የወታደር ልብስ ለገበያ ሊያወጣው አልወደደም። ወደ ፓል ማል ተመልሶ፥ ስትጠብቀው የቆየችውን የጎረቤቱን ልጅ ግሬሲን በሰኔ ወር አገባ።

ይህን ስናነብ ትዝ የሚለን በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 23 የተጻፈው የንጉሥ ዳዊት ነገር ነው። ዳዊት በተጠማ ጊዜ ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ጥሰው ከቤተ ልሔም ጉድጓድ ውኃ ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን ሊጠጣው አልወደደም፤ ነፍሳቸውን አሳልፈው ያመጡት ነውና እንደ ሰው ደም ቆጠረው፤ ለእግዚአብሔርም አፈሰሰው። ዮርክም የቀረበለትን ክብር ያየው እንዲሁ ነው። ስድስት ጓደኞቹ ያልተመለሱበትን ቀን ጠጥቶ ሊጠግብበት አልቻለም። በጦር ሜዳ ታሪካቸው ማዕረግና ጥቅም የሚፈልጉ፥ በማኅበርም መካከል «እኔ የደማሁለት» እያሉ ሌላውን ዝም የሚያሰኙ፥ ይህን ውኃ በዳዊት ዓይን ይመልከቱት።

እንግዲህ በእጁ ደም ያፈሰሰ ሰው ቀሪውን ዘመን ምን ይሥራበት? ለዚህም መልስ የምናገኘው ከዳዊት ነው። በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 22 እንደተጻፈው፥ ዳዊት ቤተ መቅደስ ሊሠራ በወደደ ጊዜ እግዚአብሔር ብዙ ደም አፍስሰሃልና አንተ አትሠራውም አለው። ዳዊት ይህን ሰምቶ አልተቆጣም፤ እጁንም አጣጥፎ አልተቀመጠም። ወርቁን፥ ናሱን፥ የዝግባውን እንጨት፥ የተጠረበውን ድንጋይ ሰብስቦ ለልጁ ለሰሎሞን አዘጋጀ። ራሱ የማይገባበትን ቤት ለሚመጣው ትውልድ አሰናዳ። ንስሐው ከዕንባ አልፎ በእንጨትና በድንጋይ ታየ።

ዮርክም እንዲህ አደረገ። ወደ ውጭ ወጥቶ ዓለምን ባየ ጊዜ የመንደሩ ልጆች ምን እንደ ጎደላቸው አስተዋለ፤ እርሱ ያጣውን ትምህርት እነርሱም ሊያጡት ነው። ለራሱ የማይቀበለውን ገንዘብ ለትምህርት ቤት ሲሉት ግን በየከተማው እየዞረ ለመነ። በ1926 ጄምስታውን በምትባለው የአውራጃው ከተማ በስሙ የሚጠራ የግብርናና የሙያ ትምህርት ቤት አቋቋመ። የአካባቢው ሹማምንት በቦታውና በአስተዳደሩ ተከራከሩት፤ ገንዘብ ሲያልቅበትም እርሻውን በመያዣ አስይዞ የልጆቹን ማመላለሻ አውቶቡስ ወጪ ቻለ። በ1937 የግዛቱ መንግሥት ትምህርት ቤቱን ተረከበው፤ እስከ ዛሬም ልጆች ይማሩበታል። በፈረንሳይ ጫካ የሰው ሕይወት የጠፋበት እጅ በተራሮቹ መካከል ለማያውቃቸው ልጆች በር ከፈተ።

የቤቱስ ኑሮ እንዴት ነበር? ጀግና ስለሆነ ተመችቶት የኖረ እንዳይመስላችሁ። ስጦታ ተብሎ የተሰጠው እርሻ ዕዳው ሳይከፈል በእጁ ላይ ቀረ። ግሬሲ ብዙ ልጆች ወለደችለት፤ በሕፃንነት የሞቱም ነበሩ። ለሃያ ዓመት ሲለምኑት የኖሩትን ፊልም በመጨረሻ የፈቀደው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ለመሥራት ገንዘብ በማስፈለጉ ነበር፤ ፊልሙም በ1941 ወጣ። ከዚያ ያገኘውን ገንዘብ ለሌላው እየሰጠ የመንግሥትን ግብር ሳይከፍል በመቅረቱ፥ ከወለዱ ጋር ከ170,000 ዶላር በላይ ዕዳ ተጠየቀ። በ1954 ስትሮክ መታውና የአልጋ ቁራኛ ሆነ። የግብሩም ነገር በ1961 ሕዝብ ባዋጣለት 25,000 ዶላር በስምምነት ተዘጋ። በ1964 በ76 ዓመቱ ዐረፈ፤ የተቀበረውም በተወለደባት መንደር ነው።

ያ ታላቅ ውጊያ ጥቂት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ በኋላ የኖረው ግን 45 ዓመት ነው። ባል፥ አባት፥ ገበሬ፥ ባለዕዳና በሽተኛ ሆኖ የኖረበት ይህ ዘመን ኒሻን የለውም። በእግዚአብሔር ዘንድ ግን የሚመዘነው ይህ ጭምር ነው። ከዚህም ዘመን ውስጥ ዐሥሩን ዓመት በአልጋው አጠገብ የቆመችውን ግሬሲን ማን ሸለማት? የዘማች ሚስት ጦርነቱን ሁለት ጊዜ ትዋጋዋለች፤ አንድ ጊዜ ስትጠብቀው፥ ሁለተኛም ከተመለሰ በኋላ። የእናቶቻችንን ድካም በዚህ እንወቅ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በመካከላችሁ ላሉ የቀድሞ ወታደሮች አስቀድመን እንናገራለን። አንዳንዶቻችሁ በየሳምንቱ ታስቀድሳላችሁ፤ ነገር ግን ቅዱስ ቁርባን ሲወጣ ወደ ኋላ ትላላችሁ፤ «እጄ ንጹሕ አይደለም» የሚል ድምፅ በልባችሁ አለ። አባቶቻችን ይህን ድምፅ ያውቁታል። በአራተኛው መቶ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ለአምፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖና በ13ኛው ላይ፥ የቀደሙት አባቶች በጦርነት መግደልን እንደ ነፍሰ ገዳይነት እንዳልቆጠሩት ያወሳል፤ ሆኖም እጃቸው ንጹሕ ስላይደለ ለሦስት ዓመት ከቁርባን ቢከለከሉ መልካም እንደሆነ ይመክራል። አባትነቱን ተመልከቱ፤ ነፍሰ ገዳይ ብሎ አላባረራቸውም፤ ጀግና ብሎም አላጨበጨበላቸውም። ቁስሉን ቁስል ብሎ ጠራው፤ የመፈወሻም ጊዜ ሰጠው፤ መጨረሻውንም ወደ ጽዋው መመለስ አደረገው።

ይህን የጠቀስነው እያንዳንዱ በራሱ ሥልጣን ዓመት እንዲቆጥር አይደለም። ቀኖና የሚሰጥ የነፍስ አባት ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ብቻችሁን የተሸከማችሁትን ለነፍስ አባታችሁ አውርዱት። እንቅልፍ የሚነሣ፥ በድንገት የሚያስቆጣ፥ በመጠጥ የሚያስደብቅ ትዝታ ያለባችሁም ከጸሎቱ ጋር ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ቅዱስ ሉቃስ ወንጌላዊም ሐኪምም ነበር። መጥምቁ ዮሐንስ ምን እናድርግ ብለው የጠየቁትን ወታደሮች አላሳፈራቸውም፤ ግፍ እንዳይሠሩና በደመወዛቸው እንዲረኩ መከራቸው እንጂ። ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ መርቆሬዎስም ወታደሮች ነበሩ፤ አክሊል የተቀዳጁት ግን ስለ ክርስቶስ ስም በመታመናቸው ነው።

ልጆች ሆይ፤ ለእናንተም ቃል አለን። አባታችሁ ሌሊት መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ወይም ታክሲ ሲነዳ ታዩታላችሁ፤ ቤት ሲገባም ዝም ይላል። ዝምታው እናንተን አለመውደድ አይምሰላችሁ። ለእናንተ ሊነግራችሁ የማይፈልገው ነገር ስላለ ሊሆን ይችላል። ስንት ሰው ገደልህ ብላችሁ አትጠይቁት፤ ይህ የፊልም ጥያቄ ነው። ጓደኞችህ እነማን ነበሩ? የትኞቹ አልተመለሱም? ስማቸውን ንገረኝና በጸሎቴ ላስባቸው በሉት። ያን ጊዜ ምናልባት ይናገራል፤ ባይናገርም ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል።

ለአጥቢያችንም አንድ ነገር እናሳስባለን። የእግዚአብሔር ቤት የሁለቱም ወገን ቤት ነው። በመጪዎቹ የጾም ቀናት እያንዳንዳችን ከእኛ በተቃራኒ ተሰልፎ የወደቀ አንድ ሰው እናስብ፤ ስሙን ብናውቅ በስሙ፥ ባናውቅም እግዚአብሔር ያውቀዋልና እንዲሁ እንጸልይለት። የታመመ የቀድሞ ወታደር ካለ ማን አዛዡ እንደ ነበረ ሳንጠይቅ እንጎብኘው። ጉልበት ያላቸውም በዳዊት መንገድ ይሂዱ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ሕፃን ፊደል ያስቆጥሩ፥ በአገር ቤት ላለ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ደብተር ይግዙ። ያፈሰስነውን መመለስ አንችልም፤ የቀረውን መስጠት ግን እንችላለን።

የሰላም አለቃ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሁለቱም ወገን የወደቁትን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ እቅፍ ያሳርፍልን፤ በሕይወት ለተመለሱት ዕረፍተ ልቡና ይስጥልን፤ ለሚስቶቻቸውና ለልጆቻቸው ትዕግሥትን ያድልልን፤ አገራችንን ኢትዮጵያን ከጦርነት ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።